የስምንት ወር አደራ

ሃርመን ወረቀት ይዞ መጣ፣ በእርሳስ የተሰመረ፣
ሦስት ወደብ ከነዋጋው በላዩ የተደረደረ።
አንዱ ኩራሳው ነው፣ ነፋሱ ከቶ የማያርፍበት፤
አንዱ ግሬናዳ፣ የቀኑ ሂሳብ ኪስ የሚያስፈራበት፤
ሦስተኛው እዚህ፣ ሪዮ ዱልሴ፣ የእኛው ወንዝ፣
አውሎ ፈልጎ የማያገኘው፣ ሙቀቱ ሰው የሚያደነዝዝ።
ሚስቱ ዊብከ ከኋላው ቆማ ባርኔጣዋን ታርገበግባለች፣
ወረቀቱን ትታ የእኔን እጅ ታያለች።

ሮሴንዳ ካአል እባላለሁ፤ የማሪናው ጀልባ ጠባቂ፣
የሰው ገመድ አጥባቂ፣ የሰው ሻጋታ ፋቂ።

"ለአንድ ጫማ በወር ስንት?" አለኝ፤ ነገርኩት፤ ጻፈ።
"ሻወሩስ ሙቅ ነው?" ነው አልኩት። ጻፈ፤ ገጹን አጠፈ።
"ኢንተርኔት?" ዝናብ ካልመጣ። "አየር ማረፊያው?" በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት፣
ድልድዩ ላይ ላም ካልቆመ፣ ሹፌሩ ካላሰኘው ራት።
ጀልባቸው አርባ ጫማ ናት፤ ለአርባውም ይከፈላል፤
እኔ ያለኝ አንድ ጥንድ ነው፣ እሱም ዝናብ ይጠጣል።

ደጉን ነገር አስቀደምኩ፦
ዛጎል ከጀልባ ሆድ ሥር ተጣብቆ ከባህር ቢመጣ፣
ጨው አልባው ውሃ ገድሎ ያራግፈዋል ወር ሳይወጣ።

"የመግቢያው ደፍስ?" አለ። እዚህ ላይ እርሳሱ ቆመ።

አልዋሸሁትም፦ "ሊቪንግስተን ላይ አሸዋ ተጋድሟል፤ የጀልባችሁ ሆድ
ሁለት ሜትር ነው፤ ውሃው ከዚያ ያንሳል፣
ጨረቃ ስትሞላ ብቻ አንድ ስንዝር ይነሳል።
ካልበቃ ቴኦፊሎ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አለ፣
ከምሰሶ ጫፍ በገመድ ስቦ ስንቱን ጀልባ ያጋደለ።
እንደ ሰካራም ተደግፋ በጎኗ ደፉን ታልፋለች።"
ዊብከ ሳቀች። "እኔም ቤቴ እንዲህ ገብቼ አውቃለሁ" አለች።

ያልጠየቀኝ ግን ነበር።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሸራ ዘርግተው ይጓዛሉ፣
የቀረውን ወር ፍሪስላንድ፣ ቤታቸው ይከርማሉ።
ወደብ መራጭ ሁሉ የሚያልመው አራቱን፤
እኔ ነኝ የምኖረው የተረፈውን ስምንቱን።

ስምንቱ ወር ምን ይመስላል?
ሻጋታ እንደ ጎረምሳ ጢም ትራሱ ላይ ይበቅላል፣
ጉንዳን በገመዱ ተሰልፎ እንደ ሠርገኛ ይገባል።
ጨርቅ አቼቶ ውስጥ ነክሬ ጓዳውን እወለውላለሁ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ሞተሩን አስነሳለሁ፣
ፓምፑን፣ ባትሪውን፣ ገመዱ የሚፋተግበትን አያለሁ።
መብረቅ ሲመጣ ሰባ ሦስት ምሰሶ ጣቱን ይቀስራል፣ እንደ ተማሪ፣ "እኔ! እኔ!"
አንገቴን ሰብሬ አልፋለሁ፤ እንዳይጠራ ከወገኔ።

አንድ ዓመት፣ ጥቅምት ሲገባደድ፣ ወንዙ በሌሊት አበጠ፤
ግንድ ተሸክሞ ወረደ፤ መረማመጃው ተቆረጠ።
ያኔ ሌላ ጀልባ ነበረችኝ፣ የሌላ ሰው አደራ።
ገመድ ስደርብ፣ ጎማ በጎኗ ስሰካ ነጋ።
ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው፦ "ደህና ናት፤ ሆዷ አልተወጋ።"
መልስ ጻፉ፦ "ተመስገን! እዚህ በረዶ ጀምሯል።"
የእኔ ቤት ከድልድዩ በታች ነው፤ ውሃው አልጋዬ ደርሷል፣
እናቴ ዶሮዎቹን ጣራ ላይ አውጥታ ጠበቀችኝ፣
"የማንን ቤት ስታድኚ?" ብላ አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ።
ያንን አልጻፍሁም። ለማን? በጫማ የሚለካ አይደለም፣
የወሩ ሂሳብ ላይ ለእሱ የሚሆን ዓምድ የለም።

ለሃርመንም አልነገርኩትም። እንዲህ ነው ያልኩት፦
"ኩራሳውም ደግ ነው፤ ነፋሱ ሻጋታ አያውቅም።
ብቻ የምትከርሙበትን ተዉና የምትተዉበትን ምረጡ፤
ቁልፉን ለማን እንደምትሰጡ እሱን አስቀድማችሁ አማርጡ።"

ግሬናዳን በረጅሙ ሰረዘ፤
ኩራሳው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ፈዘዘ።

ዊብከ ወደ ወንዙ ዞራ "አንቺስ የት ነው ቤትሽ?" አለች።
"ከድልድዩ በታች።"
በዓይኗ የውሃውን ልክ ገመተች።
"አይገባም?"
"አንዳንዴ።"

የባህር ላም አፍንጫዋን ብቅ አድርጋ ተነፈሰች፣
ጭቃማው ውሃ ውስጥ ተመልሳ ሰመጠች።
ሃርመን "አርባ ሲባዛ በስምንት" እያለ ያሰላል፤
ዝናቡ ከተራራው ወርዶ ወረቀቱን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ያረጥበዋል።